«እሺ» ብሎ የተነሣ ገበሬ ተምሯል ማለት ነውን?

የገበሬ ማኅበር ስብሰባ አጨራረስ በብዙ ቦታ አንድ ዓይነት ነው። የልማት ሠራተኛው ስለ አዲስ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ወይም ስለ እርከን ሥራ የመጣበትን ጉዳይ ያስረዳል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር «ጥያቄ ያለው አለ?» ይላል። ጥቂት ዝምታ ይሆናል። በመጨረሻም አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «መልካም ነው፤ እሺ ብለናል» ይላሉና ስብሰባው ይበተናል። በሪፖርቱ ላይም ይህን ያህል ገበሬ ትምህርት አገኘ ተብሎ ይጻፋል። ክረምቱ ሲገባ ግን እሺ ካሉት መካከል ስንቱ የተባለውን እንደ ሠራ ማሳው ይመሰክራል። የስብሰባው ቁጥርና የማሳው ቁጥር ሳይገናኙ ሲቀሩ ወቀሳው የሚያርፈው በገበሬው ላይ ነው። «ለውጥ አይወድም» ይባላል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል።

ገበሬው ለምን ዝም እንዳለ አጥብቀው ከጠየቁት መምህራን አንዱ ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ ናቸው። ፍሬሬ እ.ኤ.አ. በ1969 በስደት ይኖሩባት ከነበረችው ከቺሌ ሳሉ ስለ እርሻ ኤክስቴንሽን አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ አውጥተው ነበር። የመጽሐፏ ርእስ ራሱ «ኤክስቴንሽን ወይስ መግባባት?» የሚል ጥያቄ ነው። የተጻፈችው ለእርሻ ባለሙያዎች ይሁን እንጂ፣ ቁም ነገሯ ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው የገበሬ ማኅበር መሪን ነው፤ በባለሙያውና በገበሬው መካከል የሚቆመው እርሱ ነውና።

ፍሬሬ እ.ኤ.አ. በ1921 ረሲፌ በምትባለው የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከተማ ተወለዱ። አካባቢው ድርቅ የሚመላለስበት፣ ሰፊው መሬትም በጥቂት ባለርስቶች እጅ የነበረ ነው። በዚያን ጊዜ በብራዚል ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በምርጫ ድምፅ መስጠት አይፈቀድለትም ነበር። እንግዲህ ፊደል አለመቁጠር ከጋዜጣ መራቅ ብቻ ሳይሆን ከአገር ጉዳይ ውጪ መሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 አንጂኮስ በምትባል ትንሽ ከተማ ፍሬሬና ባልደረቦቻቸው 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ትምህርት ማንበብና መጻፍ ማስተማር ያዙ። ዜናው አገሩን አዳረሰ፤ በትምህርቱ መዝጊያ ላይም የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ዣው ጉላርት ተገኙ።

የማስተማሪያው መሣሪያ ረቂቅ አልነበረም። ከፖላንድ አገር የመጣ ርካሽ የስላይድ ፕሮጀክተር ነበር። በግድግዳው ላይ የሚታየው ሥዕል ግን በጥንቃቄ የተመረጠ ነበር፤ ከሥዕሎቹ በአንዱ መቆፈሪያ የያዘ ሰው፣ ቤት፣ የውሃ ጉድጓድ፣ ዛፍ ይታያል። አስተባባሪው «ይህ ጉድጓድ ነው» ብሎ አያስረዳም፤ «ጉድጓዱን የቆፈረው ማን ነው? ስለምን ቆፈረው? ዛፉንስ የሠራው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ። ሰዎቹም እየተከራከሩ ተፈጥሮ የሰጠውንና የሰው እጅ የሠራውን ይለያሉ። ዕድሜውን ሙሉ «እኔ የማላውቅ ነኝ» ሲል የኖረ ሰው ጉድጓድ መቆፈር ዕውቀት መሆኑን፣ ዕውቀቱም የራሱ መሆኑን በዚያች ምሽት ይረዳል። ፊደል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

የፊደሉ አሰጣጥም ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይሆንም። በፍሬሬ መጽሐፍ ላይ የሚጠቀሰው ምሳሌ «ቲጆሎ» የሚለው ቃል ሲሆን ትርጉሙ ጡብ ማለት ነው። ቃሉ ወደ ቲ፣ ጆ፣ ሎ ይከፈልና ከእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ይወጣል፤ ታ ቴ ቲ ቶ ቱ፣ ጃ ጄ ጂ ጆ ጁ፣ ላ ሌ ሊ ሎ ሉ። ተማሪዎቹም ከእነዚህ እየመረጡ ሌሎች ቃላት ይሠራሉ። የላቲን ፊደል ለሚጠቀም ሕዝብ ይህ እንደ አዲስ ግኝት ታየ። በየኔታ ፊት ተቀምጦ ሀ ሁ ሂ ያለ ሰው ግን ገበታው ከጥንት ጀምሮ በዚሁ መልክ እንደ ተደረደረ ያውቃል። የጎደለው ፊደሉ ከጡቡና ከጉድጓዱ ጋር መገናኘቱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1964 በብራዚል የጦር መኮንኖች ሥልጣን ያዙ። በዚያ ዓመት በአገሪቱ ሊቋቋሙ የታሰቡት በሺህ የሚቆጠሩ የማስተማሪያ ክበቦች ተሰረዙ። ፍሬሬም 70 ቀን ያህል ከታሰሩ በኋላ ተሰደዱ። የሄዱባት ቺሌ እ.ኤ.አ. በ1967 የመሬት ማሻሻያ ሕግ አውጥታ ከባለርስቶች የተወሰደውን መሬት ለገበሬዎች ማከፋፈል የያዘች አገር ነበረች። ገበሬዎቹ በሰፈራ ማኅበር ተደራጅተው ኮሚቴያቸውን ራሳቸው ይመርጡ ነበር። የመንግሥት የእርሻ ባለሙያዎችም ዘርና ማዳበሪያ፣ ትራክተርና የሒሳብ መዝገብ ይዘው ወደ እነዚህ ማኅበራት ይጎርፉ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በየ800 ሄክታሩ የተቋቋመውን የገበሬ ማኅበር ያየ ሰው ሁኔታውን መገመት አያቅተውም።

ፍሬሬ በዚያ ያዩት ነገር አሳሰባቸው። «ኤክስቴንሽን» የሚለው ቃል መዘርጋት፣ ማድረስ ማለት ነው። ማን ይዘረጋል? የሚያውቀው። ወደ ማን? ወደማያውቀው። ዕውቀት በስልቻ ተጭኖ መጥቶ ወደ ባዶ ጎታ የሚገለበጥ እህል ይመስል ማለት ነው። ገበሬው ግን ባዶ ጎታ አይደለም። ስለ አፈሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ የሚያውቀው አለው፤ ይህም ዕውቀት ከልማዱ፣ ከእምነቱና ከዕለት ኑሮው ጋር እንደ ሥር የተጠላለፈ ነው። አንዱን ለመለወጥ የመጣ ሰው ሌላውን ሳያውቀው ይነካል። ስለዚህ ባለሙያው ገበሬው የሚያውቀውን ሳይጠይቅ የራሱን ሲጭን ፍሬሬ ነገሩን የባህል ወረራ ይሉታል። ቃሉ ከበድ ይላል። በፀሐይና በጭቃ አገር ለአገር የሚመላለስ የልማት ሠራተኛ እንዲህ መባል አይገባውም የሚል ቢኖር አልተሳሳተም። ነገር ግን ሰውየው ክፉ ሳይሆን አሠራሩ ክፉ ሊሆን ይችላል።

የቺሌ ባለሙያዎችም መልስ ነበራቸው። «ምርት በቶሎ እንዲያድግ ይፈለጋል፤ ለውይይት የሚሆን ጊዜ የለም» አሉ። ፍሬሬ የመለሱት ገበሬው በልቡ ሳይቀበለው የተነገረ ነገር ሁሉ ራሱ የባከነ ጊዜ መሆኑን ነው። ከዚህ ላይ ቆም ብሎ የአገራችንን የእርከን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል።

ከ1966 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ በወሎ፣ በትግራይ፣ በሸዋና በሌሎችም ደጋማ አካባቢዎች የአፈር መሸርሸርን ለመከላከል ከፍተኛ ሥራ ተሠርቷል። የገበሬ ማኅበራት አባሎቻቸውን እያሰማሩ፣ በብዙ ቦታም በምግብ ለሥራ እየተደገፉ፣ ለቁጥር የሚያዳግት ርዝመት ያለው እርከን ሠሩ፤ ተራሮችንም ከለሉ። የሥራው ዓላማ ትክክል ነበር፤ አፈሩ በእርግጥ እየሄደ ነበር። ይሁን እንጂ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲሆን በብዙ አካባቢ ገበሬው በገዛ እጁ የካበውን እርከን በገዛ እጁ አፈረሰው፤ የተከለለውንም ዛፍ ቆረጠው። ሳይፈርስ የቀረና እስካሁን የሚታይ እርከን መኖሩ አይካድም። ቢሆንም በስንት ላብ የተሠራ ሥራ በአንድ ወቅት ሲፈርስ ምክንያቱን መጠየቅ ግድ ነው።

ገበሬዎቹ በኋላ ሲጠየቁ የሰጡት ምክንያት የሰነፍ ምክንያት አልነበረም። እርከኑ የአይጥ መጠለያ ሆነ፤ አይጥም ሰብሉን ጨረሰው። ከጠባብ ማሳ ላይ መሬት በላ። እርከኖቹ ተቀራርበው ስለ ተሠሩ በሬ ማዞር አስቸገረ። ዝናብ በሚበዛበትና አፈሩ ጥቁር በሆነበት አገር ደግሞ ውሃውን ይዞ ሰብሉን አስተኛው። በዚህ ዓይነቱ አገር ገበሬው ከድሮ ጀምሮ ውሃ የሚያስወግደው ማሳውን በሰያፍ ፈሰስ እያወጣ ነው። ፈሰሱ አፈር ይወስዳል፤ ይህን ባለሙያው ያውቃል። ፈሰስ ባይወጣ ሰብሉ ይበሰብሳል፤ ይህን ገበሬው ያውቃል። ሁለቱ ዕውቀቶች ገመዱ ከመዘርጋቱ በፊት በአንድ ማሳ ዳር ቢገናኙ ኖሮ እርከኑ የሚርቅበት ቦታ፣ ውሃው የሚወጣበት ቦይ፣ በሬው የሚዞርበት ስፋት አብሮ ይታሰብ ነበር። ያን ጊዜ ግን ስብሰባው በ«እሺ» አለቀ። ገበሬው የልቡን የተናገረው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ የተናገረውም በዶማ ነው።

ከዚህ ጋር የኮንሶን እርከን ማነጻጸር ይቻላል። የድንጋይ እርከኑ ከ400 ዓመት በላይ በትውልድ ቅብብሎሽ ሲሠራና ሲጠገን የኖረ ሲሆን በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የኮንሶ ገበሬ ድንጋዩን የሚክበው የእርከኑን ጥቅም ከአባቱ ጋር እየሠራ ስለ ተማረ ነው፤ ሲናድም ጠግን የሚለው ሰው አይጠብቅም። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህ ማለት ግን ገበሬው የሚያውቀው ሁሉ በቂ ነው ማለት አይደለም። አንዳንዶች ፍሬሬን አንብበው ወደዚህ ያዘነብላሉ፤ ስሕተት ነው። ለምሳሌ የአፈርን አሲዳማነት እንውሰድ። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከመቶ 40 ያህሉ በዚህ ችግር የተነካ ነው ይባላል። ገበሬው ማሳው ገብስ እምቢ እንዳለው፣ ማዳበሪያ ቢጨምርም ሰብሉ እንደሚቀጭጭ ያያል። በአፈሩ ውስጥ የሚሟሟው አሉሚኒየም ሥሩን እንደሚጎዳ ግን በዓይን አይታይም፤ የአፈር ምርመራ ይፈልጋል። መድኃኒቱም ኖራ ነው። እንዲህም ሆኖ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ኖራ ብዙ ኩንታል ነው፤ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ በአህያ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ በየትኛው ወር አህያና ሰው እንደሚገኝ የሚያውቀው ደግሞ ገበሬው ነው። ምርመራው ያለ አህያው፣ አህያውም ያለ ምርመራው ዋጋ የለውም።

ጊዜ የማይሰጥ ነገርም አለ። በ2002 እና በ2003 ዓ.ም. በአርሲና በባሌ ስንዴውን ቢጫ ዋግ ሲመታው፣ ወይም በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ሲገባ፣ ክብ ሠርቶ መወያየት አያዋጣም፤ ወሬው በቶሎ መድረስ፣ መድኃኒቱም በቶሎ መረጨት አለበት። ችግሩ ሁሉም ነገር እንደ አንበጣ በትእዛዝ ሲያዝ ነው። ጤፍን በመስመር መዝራት አንበጣ አይደለም። በብትን ሲዘራ በሄክታር 30 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚፈጀው ዘር በመስመር ሲሆን ከ5 ኪሎ እንደማይበልጥ ምርምሩ ያሳያል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሥራው ብዙ እጅ ይጠይቃል፤ እጁ የሚገኘውም ከሚስቲቱና ከልጆቹ ነው። በስብሰባው ላይ ሚስቲቱ ካልነበረች እሺ ያለው ባል የተናገረው በሌላ ሰው ጉልበት ነው።

ፍሬሬ ስለዚህ ዝምታ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት መጽሐፍ ላይ አንድ ነገር ያስታውሳሉ። ከገበሬዎች ጋር ሞቅ ያለ ጨዋታ ይዘው ሳለ ሰዎቹ በድንገት ዝም አሉ፤ የሚያውቀው እርስዎ ነዎት፣ እኛ ምን እናውቃለን ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ፍሬሬ አልተከራከሩም። በሰሌዳው ላይ መስመር አስምረው የጥያቄ ግጥሚያ እንጫወት አሉ። እርሳቸው ከፍልስፍናና ከሰዋስው ጠየቁ፤ ገበሬዎቹ አልመለሱም። ገበሬዎቹ በተራቸው ተዳፋትን አግድሞ በእኩል ከፍታ ስለሚሄድ መስመር፣ በኖራ አፈር ስለ ማከም፣ ስለ አረንጓዴ ማዳበሪያ ጠየቁ፤ ፍሬሬም አልመለሱም። ግጥሚያው 10 ለ10 አለቀ። ገበሬዎቹ እየሳቁ የሄዱት ፍሬሬ ስላሞገሷቸው ሳይሆን ውጤቱ በሰሌዳው ላይ ስለ ተጻፈ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ «እናንተም ታውቃላችሁ» ብሎ ንግግር ማድረግ ቀላል መሆኑ ነው። ብዙ ባለሥልጣን ያደርገዋል። ገበሬው የሚያምነው ግን ያወቀው ነገር ተጽፎ፣ ተቆጥሮ፣ ሥራ ላይ ሲውል ሲያይ ነው።

ዛሬ ስላይድ ፕሮጀክተሩ ቀርቶ በገበሬው ኪስ ስልክ ገብቷል። በ2006 ዓ.ም. 8028 የተባለው ነፃ የገበሬዎች የስልክ መስመር ሲከፈት ገበሬው ቁጥር እየተጫነ ስለ ፈለገው ሰብል የተቀረፀ ምክር ማዳመጥ ችሏል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ጥሪም ተደርጎበታል። ይህ የሚናቅ አይደለም። በሩቅ ቀበሌ ያለ ገበሬ የልማት ሠራተኛ ሳይጠብቅ ዕውቀት ይደርሰዋል። ስልኩ ግን በአንድ ጆሮ ብቻ ይናገራል። የሰማው ሰው ብቻውን ሰምቶ ብቻውን ይጠራጠራል። ቁጥር ከመጫን በቀር መልሶ የሚናገርበት መንገድም ጠባብ ነው።

መሣሪያው መልሶ እንዲሰማ ማድረግ እንደሚቻል ያሳዩ አሉ። በካናዳ ከ1941 እስከ 1965 እ.ኤ.አ. የቆየ የገበሬዎች የሬዲዮ መድረክ ነበር። ጎረቤታሞች በሳምንት አንድ ማታ በአንዱ ቤት ተሰብስበው ፕሮግራሙን ያዳምጣሉ፤ አስቀድሞ በተላከላቸው ጽሑፍ ላይ ይከራከራሉ፤ የደረሱበትን አሳብ ጽፈው በፖስታ ይልካሉ፤ ሬዲዮውም በኋላ የላኩትን ያሰማል። ህንድም እ.ኤ.አ. በ1956 በፑና አካባቢ በ150 መንደሮች ይህንኑ ሞክራለች። በቅርብ ጊዜ ደግሞ ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት መጀመሪያ በህንድ፣ ኋላም በኢትዮጵያ፣ ባለሙያ ሳይሆን የአካባቢው ገበሬ ራሱ ሲሠራ የሚያሳይ አጭር ፊልም ለገበሬ ቡድኖች አሳይቷል። ተመልካቾቹ ብዙ ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት «ይህ ሰው ማን ነው? የየት መንደር ሰው ነው?» ብለው ነው። ዘሩን ማመን የሚጀምሩት ሰውየውን ካመኑ በኋላ ነው። ፊልሙን እያቆመ የሚያወያይ ሰው ከሌለም ውጤቱ ይቀንሳል።

መሠረተ ትምህርትም ያስተማረው ይህንኑ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን አስተምሮ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ዳሩ ግን የሚነበብ ጽሑፍና የሚገናኙበት የንባብ ቤት በጠፋበት መንደር የተማረው ሰው ተመልሶ ፊደሉን ረስቷል። በቁጥር ሲታይ ተምሯል፤ የሚያነበው ደብዳቤ ሲመጣለት ግን አስነባቢ ይፈልጋል።

እንግዲህ ስሙ ቀበሌ ቢባልም፣ ገበሬው እንደለመደው ገበሬ ማኅበር ቢለውም፣ ሰብሳቢው በእጁ ያለው ነገር ትንሽ አይደለም። የዘሩን ዓይነት አይወስን ይሆናል፤ የማዳበሪያውን ዋጋ አይወስንም። የስብሰባውን ቅደም ተከተል ግን የሚወስነው እርሱ ነው። የልማት ሠራተኛው ከመናገሩ በፊት ገበሬዎቹ አምና የገጠማቸውን እንዲናገሩ ማድረግ ይችላል። «ጥያቄ አለ?» በማለት ፋንታ «ይህን የሞከረ ማን ነው? ምን አጋጠመው?» ማለት ይችላል። እምቢ ያለውን ሰው በአድኃሪነት ከመክሰስ ይልቅ ምክንያቱን ጸሐፊው በመዝገብ እንዲያሰፍር፣ መዝገቡም ወደ ወረዳ እንዲሄድ ማድረግ ይችላል። በስልክ የተሰማ ምክር በደቦ ወይም በወንፈል ላይ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ለሁሉ ሊሰማ ይችላል። ስልክ ያልያዙት ሴቶችም በዚያው ይሰሙታል፤ ዘር መርጠው የሚያስቀምጡት በአብዛኛው እነርሱ ናቸው።

አዝመራው ተሰብስቦ የተፋሰስ ሥራ በሚጀመርበት በጥር ወር ገመድና ችካል እንደገና ይወጣል። ከመዘርጋቱ በፊት ሊቀ መንበሩ፣ የልማት ሠራተኛውና የማሳዎቹ ባለቤቶች፣ ሴቶቹም ጭምር፣ ተዳፋቱን ከላይ እስከ ታች በእግር ይሂዱበት። ውሃው በየት እንደሚገባ፣ ፈሰሱ የማንን ማሳ እንደሚቆርጥ፣ በሬው የት እንደሚዞር፣ አይጡ አምና ከየት እንደ መጣ ባለማሳዎቹ ያሳዩ፤ ባለሙያውም የእርከኑን ርቀት በዚያው በማሳው ላይ ቆሞ ያስረዳ። አንድ ቀን ይፈጅ ይሆናል፤ ምናልባት ሁለት።